ነጋድራስ አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ
ከጣና ዳር እስከ ፒየሞንቴ

የኢጣልያ ስም በተነሣ ቍጥር በሰው አሳብ የሚመጡት ሮማ፣ ፊሬንዜና ቬኔዝያ ናቸው። አገር ጐብኚውም የሚጐርፈው ወደ እነዚሁ ነው። በሰሜን ምዕራብ በኩል፣ ከአልፕ ተራሮች ሥር የተዘረጋውን የፒየሞንቴን አውራጃ ግን እንግዳ ብዙ ጊዜ አልፎት ይሄዳል። የስሙም ትርጓሜ የተራራ ግርጌ ማለት ነው። በዚያው ግርጌ ባለችው በቶሪኖ ከተማ፣ የአማርኛን ልብ ወለድ የጀመሩት ሰው የወጣትነታቸውን ዘመን በትምህርት አሳልፈዋል። እኒህም ነጋድራስ አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ ናቸው። (እዚህ የተጻፉት ዓመታት በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።)

አፈ ወርቅ በ1868 ዓመት በዘጌ ተወለዱ። ዘጌ ወደ ጣና ባሕር የገባ፣ በደን የተሸፈነ ምድር ነው። ሕዝቡ በሬ ጠምዶ አያርስም፤ ኑሮው በቡናና በጌሾ፣ በሎሚም ላይ የቆመ ነው። ይህንም ልማድ ከአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን ጋራ አያይዞ ይተርከዋል። በደኑ ውስጥ ከተሠሩት ገዳማት አንዱ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሲሆን፣ የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሸፈነ ነው። በዚህ ሥዕል ጻድቁ በሁለት ዐይኑ ፊት ለፊት ይመለከታል፤ ኀጥኡ ግን ፊቱን ወደ ጐን አዙሮ በአንድ ዐይን ብቻ ይታያል። በእንዲህ ያለ አገር ያደገ ልጅ ፊደል ከመቍጠሩ በፊት ሥዕል ማንበብ ቢጀምር አያስደንቅም።

በ1887 ዓመት፣ የኢጣልያ መንግሥት መልእክተኛ የነበረው ኮንት አንቶኔሊ ባደረገው ድጋፍ፣ ወጣቱ አፈ ወርቅ ባሕር ተሻግረው ቶሪኖ ገቡ፤ በአልበርቲና የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም የሥዕልን ሥራ ተማሩ። ቶሪኖ በፖ ወንዝ ዳር የተቈረቈረች፣ መንገዶቿ በገመድ ተለክተው የወጡ የሚመስሉ ከተማ ናት። ኢጣልያ አንድ መንግሥት በሆነች ጊዜ፣ በ1861 ዓመት፣ የመጀመሪያዋ ዋና ከተማ እርስዋ ነበረች፤ ከአራት ዓመት በኋላ ግን ክብሩ ወደ ፊሬንዜ ተላለፈ። ከ1824 ዓመት ጀምሮ የጥንታዊት ግብጽ ቅርስ የተሰበሰበበት ታላቅ ቤተ መዘክር አላት። የአገሩም ማዕድ ከኢጣልያ ደቡብ ይለያል። በቬርቼሊ ሜዳ በውሃ ውስጥ የሚበቅለው ሩዝ በቅቤ ይሠራል፤ ከበቈሎ ዱቄት የተሠራው ገንፎ ፖሌንታ ይባላል፤ ግሪሲኒ የሚሉት እንደ ዘንግ የቀጠነው ደረቅ ዳቦም ከገበታ አይታጣም። በቡና ቤቶቹ ደግሞ ቡናን ከቸኮላታና ከወተት ጋራ ደራርበው በብርጭቆ ያቀርባሉ። ቡና በጓሮው ለበቀለለት የዘጌ ልጅ ይህ እንግዳ ነገር ነው።

የአውሮጳ የሥዕል ትምህርት ዋናው ነገር ግን ርቀትና ብርሃን ነው። ቅርብ ያለው ይተልቃል፣ ሩቅ ያለው ያንሳል፤ ጥላውም ብርሃኑን ይከተላል። በእኛ አገር ሥዕል የሚተልቀው ቅርብ ያለው ሳይሆን የከበረው ነው። አፈ ወርቅ ሁለቱንም ለማወቅ ከበቁት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዱ ናቸው። ሆኖም ስማቸውን ያቈየው ከብሩሻቸው ይልቅ ብዕራቸው ሆነ።

ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በ1894 ዓመት እንደ ገና ወደ አውሮጳ፣ ወደ ስዊስ ሄዱ። የዐድዋ ጦርነት በተነሣ ጊዜ፣ ከራስ ዳርጌ ልጅ ከጉግሣ ጋራ የስዊስን አገር ትተው ወደ ኢጣልያኖች ገቡ። የአገራቸው ሰው በዐድዋ ተራሮች ላይ ደሙን ሲያፈስ እርሳቸው በጠላት ወገን ነበሩ። ይህን ማለዘብ አይገባም፤ ተማሪ ሲጠይቅም መምህሩ መሸሸግ የለበትም።

ከ1902 ዓመት ጀምሮ አፈ ወርቅ በናፖሊ የምሥራቅ ቋንቋዎች ትምህርት ቤት ከፕሮፌሶር ፍራንቼስኮ ጋሊና ጋራ አማርኛ አስተማሩ። ትምህርት ቤቱ በ1732 ዓመት የቻይና ወጣቶችን ለማስተማር የተመሠረተ ነበር። አንድ ሰው የእናቱን ቋንቋ ለባዕድ ሲያስተምር፣ እስከዚያ ሳያስብ ይናገረው የነበረውን መመርመር ግድ ይሆንበታል። የአፈ ወርቅም ምርመራ በ1905 ዓመት የአማርኛ ሰዋስው፣ በ1911 ዓመት ደግሞ የአማርኛ ግስ መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። በ1908 ዓመት በሮማ ያሳተሙት የመንገደኛ መምሪያ ከሁሉ ይልቅ ሕያው ነው። ፈረንሳይኛና አማርኛ የተጻፈበት፣ ወደ አበሻ አገር ለሚመጣ እንግዳ የተዘጋጀ የንግግር መጽሐፍ ሲሆን፣ በመንገደኛው ጨዋታ መካከል የአገሩ አስተዳደር ጕድለት ያለ ርኅራኄ ተነቅፏል።

በዚያው ዓመት፣ በዚያችው ከተማ፣ ልብ ወለድ ታሪክ የተባለችው ትንሽ መጽሐፍ ታተመች። የተማረከ የጦር አለቃ፣ ስሙን ሳይናገር ገንዘቡን ከፍሎ ያስፈታው ነጋዴ፣ ያንን ደግ ሰው ፍለጋ የሚንከራተተው ልጁ ዋሕድ፣ እንደ ወንድ ለብሳ ከአባትዋ ጋራ የምትሰደደው መንታ እኅቱ ጦቢያ፣ እነዚህ ሁሉ ለአማርኛ አንባቢ ከዚያ በፊት ያልታየ ነገር አመጡለት። ከርእሱ የተገኘው ቃልም እስከ ዛሬ የዚህ ዐይነት ድርሰት ሁሉ መጠሪያ ነው። ተማሪ ልብ ወለድ ባለ ቍጥር፣ ባያውቀውም፣ የአፈ ወርቅን መጽሐፍ ይጠራል።

በ1909 ዓመት የታተመው የዳግማዊ ምኒልክ ታሪክ ግን ሌላ ፊት አለው። በመምሪያው ነቃፊ የነበረው ብዕር እዚህ ውዳሴውን ያለ ልክ ያፈስሳል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ደራሲው ምኒልክን ለማክበር ሲል ዐጤ ቴዎድሮስንና ዐጤ ዮሐንስን ማዋረዱን አጥብቀው ነቅፈዋል፤ እውነትም አላቸው።

ጥቂት ዘመን በኤርትራ ከነገዱ በኋላ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። የተፈሪ መኰንን መንግሥት ያለፈውን ትቶ ሾማቸው፤ በድሬዳዋ ጉምሩክ፣ ኋላም የውጭ አገር ሰዎች ከኢትዮጵያውያን ጋራ በሚከራከሩበት ልዩ ፍርድ ቤት አገለገሉ። በመጨረሻም በሮማ የኢትዮጵያ ጉዳይ ፈጻሚ ሆኑ። በ1935 ዓመት ፋሺስት ኢትዮጵያን ሲወር፣ ከአርባ ዓመት በፊት የሆነው ተደገመ። በወረራው ዘመን ከገዢዎቹ ጋራ ሠሩ፤ አፈ ቄሣር የሚል ማዕርግም ከእነርሱ ተቀበሉ። በዚያው ዘመን፣ በየካቲት 1937 ዓመት፣ ብዙ የተማሩ ወጣቶች በአዲስ አበባ በጥይት አልቀዋል።

ከነጻነት በኋላ አፈ ወርቅ ተፈርዶባቸው ወደ ጅማ ተጋዙ። ጅማም እንደ ዘጌ የቡና አገር ናት። በዚያው በ1947 ዓመት ዐረፉ። ጦቢያን የታሪክ ምሁሩ ታደሰ ታምራት ወደ እንግሊዝኛ መልሷት በ1964 ዓመት ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር በተባለው መጽሔት ታተመች።