አይሮፕላን ነጂው ደራሲ ሮአልድ ዳል

ከቤተ መጻሕፍታችን የእንግሊዝኛ መደርደሪያ ላይ ማቲልዳን ወይም ስለ ቸኮላት ፋብሪካው የተጻፈውን መጽሐፍ ወስዶ ያነበበ ተማሪ፥ ደራሲውን ሮአልድ ዳልን እንደ አንድ ተረት አዋቂ ሽማግሌ አድርጎ ያስበዋል። የጦር አይሮፕላን ነጂ እንደ ነበረና ከበረሃ ይዞት የመጣው ሕመም ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሳይለየው እንደ ኖረ ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው። እኛም የሕይወቱን ታሪክ ባነበብን ጊዜ ስለ ገረመን፥ በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ለታናናሾቻችንና ለወላጆቻችን ልንተርከው ወደድን። ዓመታቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ዳል ከኖርዌይ ተወላጆች በዌልስ አገር፥ በካርዲፍ ከተማ አጠገብ ሴፕቴምበር 13 ቀን 1916 ተወለደ። ገና የሦስት ዓመት ሕፃን ሳለ አባቱ ስለ ሞተ ያሳደገችው እናቱ ናት። ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ በሼል የነዳጅ ኩባንያ ተቀጥሮ ዛሬ ታንዛኒያ ወደምትባለው አገር፥ ወደ ዳሬ ሰላም ተላከ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ1939 በተነሣ ጊዜም በኖቬምበር ወር ወደ ናይሮቢ ሄዶ በእንግሊዝ አየር ኃይል ገባ። ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፥ ለማስተማሪያ የተሰጠችው አይሮፕላን ደግሞ ጠባብ ነበረች። ይሁን እንጂ ስምንት ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ብቻውን ለመብረር በቃ። ከናይሮቢም ሐባኒያ ወደሚባለው የኢራቅ ሰፈር ተዛውሮ የጦር በረራ ተማረ። አብረውት ከሠለጠኑት ጓደኞቹ የሚበዙት ጦርነቱን አልተሻገሩም።

ሴፕቴምበር 19 ቀን 1940 የሆነውን ነገር በዝርዝር መናገር ይገባናል፤ የቀረው ዕድሜው ሁሉ ከዚያ ቀን ጋራ የተያያዘ ነውና። በዚያን ወራት አገራችንን በወረራ ይዞ የነበረው የፋሺስት ኢጣልያ መንግሥት ሠራዊቱን ከሊቢያ ወደ ግብፅ አስገብቶ ነበር። ዳል ግላዲየተር የተባለውን ባለ ሁለት ደርብ ክንፍ አይሮፕላን እየነዳ፥ በምዕራቡ በረሃ ከሰፈረው ከ80ኛው ጓድ ጋራ እንዲቀላቀል ታዘዘ። በዚህ ዓይነት አይሮፕላን ላይ በቂ ትምህርት አልተሰጠውም ነበር። ፉካ ከተባለው ጣቢያ ሲነሣ ሰፈሩ የሚገኝበትን ቦታ ነገሩት፤ የተነገረው ቦታ ግን ስሕተት ነበር። ከታች አሸዋና ድንጋይ እንጂ ማረፊያ የለም፤ ነዳጁ ሊያልቅ፥ ፀሐይም ልትጠልቅ ሆነ። ያለ ማረፊያ ለማረፍ ሲሞክር መንኰራኵሩ ቋጥኝ መታና አይሮፕላኑ በአፍንጫው ተተክሎ በእሳት ተያያዘ።

የራስ ቅሉ ተሰነጠቀ፤ አፍንጫው ተሰበረ፤ ጀርባውም ክፉኛ ተጎዳ። ዓይኖቹ ምንም ሳያዩ እየዳኸ ከእሳቱ ወጣ። የወደቀበት ስፍራ በሁለቱ ጦር መካከል ያለ፥ ማንም ያልያዘው ምድር ነበር። የእንግሊዝ ወታደሮች አግኝተው ወደ መርሳ ማትሩህ ወሰዱት፤ ከዚያም በባቡር ወደ እስክንድርያ ሆስፒታል ተላከ። ማየት የቻለው ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ነው። በጃኑዋሪ 1941 ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ሲገቡ፥ ይህ ወጣት ገና ከአልጋው አልተለየም ነበር።

ሐኪሞቹ ዳግመኛ አይበርም ብለው ነበር፤ እርሱ ግን በአምስት ወር ውስጥ ድኗል ተባለና ጓዱን ተከትሎ ወደ ግሪክ ዘመተ። እዚያ የቀሩት የእንግሊዝ ተዋጊ አይሮፕላኖች እጅግ ጥቂት ሲሆኑ፥ የጀርመኖቹ ሰማዩን ሞልተውት ነበር። ኤፕሪል 20 ቀን 12 ሀሪኬኖች በአቴና ሰማይ ላይ ሲዋጉ ስመ ጥሩው ፓት ፓትል ሞተ፤ ዳል ግን ተረፈ። ከዚያ በሃይፋ ሆኖ በየቀኑ ሲበር ብርቱ የራስ ምታት ያዘው። አይሮፕላን በፍጥነት ሲታጠፍ የነጂው ደም ከራሱ ወደ እግሩ ስለሚሸሽ፥ የጤነኛ ሰው ዓይን እንኳ ይጨልማል፤ የራስ ቅሉ ለተሰነጠቀ ሰውማ አደጋው የባሰ ነው። ዳል በአየር ላይ ራሱን መሳት ስለ ጀመረ በ1941 ዓ.ም. በሕመም ምክንያት ወደ እንግሊዝ አገር ተመለሰ። የውጊያ በረራው በ24 ዓመቱ አበቃ።

በ1942 በዋሽንግተን የእንግሊዝ ኤምባሲ ተመደበ። እዚያም ታዋቂው ደራሲ ሲ. ኤስ. ፎሬስተር ስለ ውጊያው ሊጽፍ ፈልጎ ማስታወሻ እንዲሰጠው ጠየቀው፤ የቀረበለት ጽሑፍ ያማረ ስለ ነበረ ምንም ሳይለውጥ ለመጽሔት ላከለት። መጽሔቱ ግን ሊቢያ ውስጥ በጠላት ተመትቶ የወደቀ አስመስሎ አወጣው። በእኛ አስተያየት፥ በተሳሳተ መመሪያ መንገድ ስቶ መውደቅ የሚያሳፍር ነገር አይደለምና ይህ አላስፈላጊ ነበር፤ ዳልም ራሱ በ1986 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ አርሞታል። ጸሐፊ ያደረገኝ ራሴን የመታኝ አደጋ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ያምን ነበር። እውነት ይሁን አይሁን የሚፈርዱት ሐኪሞች ናቸው።

ጀርባው ግን እስኪሞት ድረስ አሠቃየው። አከርካሪው ላይ ደጋግሞ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ የዳሌውም አጥንት ወጥቶ በብረት ተተካ። የወጣውን አጥንት አልጣለውም፤ በሚጽፍበት ክፍል ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው! በግሬት ሚሰንደን መንደር፥ በአትክልቱ ውስጥ ባሠራት ትንሽ ጎጆ፥ በእናቱ አሮጌ ወንበር ላይ ተቀምጦ፥ እግሩን በእንጨት በተሞላ ሻንጣ ላይ ዘርግቶ፥ በጭኑ ላይ ባኖረው ሰሌዳ ይጽፍ ነበር። ብዙዎቹን የልጆች መጻሕፍት የጻፈው እንዲህ ሆኖ ነው።

በ1960 ገና የአራት ወር ሕፃን የነበረ ወንድ ልጁ በኒው ዮርክ መንገድ ላይ በታክሲ ተመታ፤ በራሱም ውስጥ ውሃ ይጠራቀም ጀመር። ውሃውን የሚያወጣው ቫልቭ በየጊዜው እየተደፈነ ሕፃኑን ለዕውርነትና ለሞት አቀረበው። ዳል እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ለትናንሽ የመጫወቻ አይሮፕላኖች ሞተር ጥቃቅን ፓምፕ ይሠራ ከነበረው ከስታንሊ ዌድ፥ ከቀዶ ሐኪሙም ከኬኔት ቲል ጋራ ተማክሮ፥ የማይደፈን ቫልቭ በ1962 እንዲሠራ አደረገ። ቫልቩ ሲደርስ ልጁ ተሽሎት ስለ ነበረ አላስፈለገውም፤ ነገር ግን ያለ ትርፍ እየተሸጠ ወደ 3000 ለሚሆኑ ሌሎች ልጆች ደረሰ። ራሱ በሐኪሞች እጅ ብዙ ዘመን ባይቆይ ኖሮ፥ ከሐኪም ጋራ እንዲህ ተከራክሮ ለመሥራት የሚደፍር አይመስለንም።

አንደበቱ ግን ቊጡ ነበር። ስለ አይሁድ ሕዝብ የተናገረው ክፉ ቃል ብዙዎችን አሳዝኖ፥ በ2020 ቤተ ሰቦቹ በይፋ ይቅርታ ጠይቀውበታል።

ኖቬምበር 23 ቀን 1990 በደም ሕመም በ74 ዓመቱ ሞተ፤ የተቀበረውም በግሬት ሚሰንደን ነው። የጎጆው ዕቃ ዛሬ በመንደሩ ሙዚየም ይታያል። የወንበሩ ጀርባ ተቀዶ ክፍት ነው፤ በበረሃ የተጎዳው አከርካሪው እንዳይነካበት ብሎ በገዛ እጁ የቀደደው ነው።