አቶ ወጋየሁ ንጋቱ

በላስታ አገር መጽሐፍ ከዐይን ይልቅ በጆሮ ይታወቃል። በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ገድሉንና ድርሳኑን አንዱ ሲያነብ ሌላው መቋሚያውን ተደግፎ ያዳምጣል። ስለዚህ በዚህ ዓመት መጽሔታችን ታሪካቸውን የምናቀርብላችሁ ሰው የአዲስ አበባ ተዋናይ ቢሆኑም፥ ሥራቸው ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም።

አቶ ወጋየሁ ንጋቱ የተወለዱት በ1936 ዓ.ም. ነው። በወጣትነታቸው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የቴአትርን ሙያ ቀሰሙ፤ ከዚያም ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ሃንጋሪ አገር ሄዱ። ሲመለሱ በጸጋዬ ገብረ መድኅን ቴአትሮች፥ ይልቁንም በአብዮቱ ሰሞን በታየው «ሀ ሁ በስድስት ወር» ስማቸው ገነነ።

ነገር ግን ቴአትር ቤት የሚገባው የከተማ ሰው ነው። አቶ ወጋየሁን ለባላገሩ ያስተዋወቀው ራዲዮ ነው። በኢትዮጵያ ራዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በተከታታይ አነበቡ። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. የታተመ ሲሆን ከ500 ገጽ በላይ ነው። እንዲህ ያለውን ረጅም ልብ ወለድ አንድ ሰው ብቻውን አንብቦ አድማጭ ሳይሰለች ማቆየት ቀላል ሥራ አይደለም።

በመድረክ ላይ ልብሱም፥ መብራቱም፥ የጓደኛም እገዛ አለ። በማይክሮፎን ፊት ግን ያለው ድምፅ ብቻ ነው። አቶ ወጋየሁ በዚያው በአንድ ጉሮሮ የፊታውራሪ መሸሻን ኩራት፥ የሰብለ ወንጌልን ጭንቀት፥ የበዛብህን ትሕትና፥ የጉዱ ካሣንም ምሬት ለየብቻ አሰሙ። ስም ሳይጠራ ማን እንደሚናገር ይታወቅ ነበር። እንደ እኔ አስተያየት ከመድረክ ሥራቸው ሁሉ ይህ ይበልጣል።

ከወላጆቻችን መካከል መጽሐፉን ገልጠው ሳያዩ ፊታውራሪ መሸሻ በገበሬው ላይ ስለጣሉት ግብር የሚከራከሩ፥ የሰብለንም መጨረሻ ሲያወሱ ድምፃቸው የሚለወጥ አሉ። ይህን ያገኙት ከራዲዮ ነው። ልጆቻቸው ደግሞ ማንበብ እየቻልን መጽሐፉን ያልጀመርነው ብዙዎች ነን!

አቶ ወጋየሁ በ1982 ዓ.ም. ዕድሜያቸው ሃምሳ ሳይሞላ ዐረፉ። በ1902 ዓ.ም. የተወለዱት ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ከአንባቢያቸው በኋላ እስከ 1996 ዓ.ም. ቆዩ። ንባቡ በክር ተቀድቶ ስለ ነበር አልጠፋም፤ ዛሬ ከእጅ ስልክ ላይ ይደመጣል።