ደም ቅዳው መንገዱን ሲቀይር፦ የዶክተር ሮበርት ግሮስ ሕይወት

በአናቶሚ መጽሐፋችን ላይ ከልብ የሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ፣ አኦርታ፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ ነው የተሣለው። እንደ ከዘራ እጀታ ይታጠፍና ሦስት ቅርንጫፎች ይሰጣል። የመጀመሪያው ለቀኝ ክንድና ለቀኝ አንገት፣ ሁለተኛው ለግራ አንገት፣ ሦስተኛው ለግራ ክንድ ነው። ሰው ግን ሁሉ እንደ ሥዕሉ አይደለም። ከመቶ ሰዎች በአንዱ ገደማ የቀኝ ክንድ ደም ቅዳ ከሁሉም መጨረሻ በግራ በኩል ይነሣል፤ ወደ ቀኝ ለመሻገርም አብዛኛውን ጊዜ በምግብ ቧንቧ ጀርባ ያልፋል። ብዙዎቹ ሳያውቁት ዕድሜያቸውን ይኖራሉ። አንዳንዶቹ ግን ምግብ አልወርድ ይላቸዋል።

ስለዚህ ጉዳይ ሳነብ ደጋግሞ የመጣብኝ ስም የቦስተኑ ቀዶ ሐኪም የዶክተር ሮበርት ግሮስ ነው። ሕይወታቸውን ባጭሩ ላካፍላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከእሳቸው በፊት ይህ ነገር የሚታወቀው ከሞት በኋላ ነበር። በ1761 እንግሊዛዊው ዴቪድ ቤይፎርድ ለብዙ ዓመታት መዋጥ ሲያስቸግራት ኖራ በ62 ዓመቷ የሞተች ሴት አስከሬን ሲመረምር ያንን ደም ቅዳ አገኘ። የተፈጥሮ ቀልድ ነው በሚል ሐሳብ በሽታው በላቲን ዲስፋጂያ ሉሶሪያ ተባለ። ለሴትየዋ ግን ቀልድ አልነበረም፤ በረሃብ ነው የሞተችው።

ግሮስ በ1905 በባልቲሞር ተወለዱ። አባታቸው ፒያኖ ሠሪ ነበሩ። ግሮስ ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድ ዓይናቸው በሞራ ምክንያት አያይም ነበር። በአንድ ዓይን ርቀትን መለካት ስለሚከብድ፣ አባታቸው ሰዓት እየሰጡ ፈትቶ መግጠም እንዳስለመዷቸው ይነገራል። ሚኒሶታ በሚገኘው ካርልተን ኮሌጅ ሲማሩ የሐኪሙን የዊልያም ኦስለርን የሕይወት ታሪክ አነበቡና ወደ ሕክምና አዘነበሉ። በ1931 ከሃርቫርድ ተመረቁ።

ስማቸው የተነሣው በ1938 ነው። ሁላችንም ማሕፀን ውስጥ ሳለን አኦርታንና የሳንባን ደም ቅዳ የምታገናኝ አጭር መተላለፊያ አለችን፤ ከተወለድን በኋላ ትዘጋለች። ካልተዘጋች ልብ ይደክማል። ግሮስ መተላለፊያዋን ማሰር ይቻላል ብለው በላቦራቶሪ ሲለማመዱ ቆዩ። አለቃቸው ዊልያም ላድ ግን አልፈቀዱም። ላድ ለዕረፍት በሄዱበት፣ ነሐሴ ወር ላይ፣ የ33 ዓመቱ ግሮስ አንዲት የ7 ዓመት ልጅ ቀዶ ጥገና አደረጉ። ልጅቷ ዳነች፤ አድጋም የልጅ ልጅ ለማየት በቃች። በሁለቱ ሐኪሞች መካከል የነበረው ነገር ግን ከዚያ ወዲያ አልተቃናም።

ወደ ምግብ ቧንቧው የመጡት በ1945 ነው። ፅንስ ሳለን አኦርታ በቀኝም በግራም ጥንድ ቅስቶች አሏት፤ አንዳንዶቹ መጥፋት አለባቸው። መጥፋት ያለበት ሲቀር አኦርታው የአየር ቧንቧንና የምግብ ቧንቧን መሃል አድርጎ እንደ ቀለበት ያንቃቸዋል። እንዲህ ያለ ሕፃን ሲተነፍስ ያፍናል፣ ሲጠባ ይታነቃል፣ አየር ለማግኘት አንገቱን ወደ ኋላ ይቀለብሳል። ግሮስ ቀለበቱን አንድ ቦታ ላይ አስረው ቆረጡት፤ ሕፃኑም ተነፈሰ። በ1946 ደግሞ ቤይፎርድ ከሞት በኋላ ያየውን ያንኑ ደም ቅዳ በሕይወት ባለ ሕፃን ላይ አስረው ቆርጠው ውጤቱን አሳተሙ። ክንዱስ ደም ከየት ያገኛል? በሕፃናት ዘንድ ሌሎች ትናንሽ ደም ቅዳዎች ያደርሱለታል። ዛሬ ብዙ ጊዜ የተቆረጠው ጫፍ ከጎኑ ባለ ደም ቅዳ ላይ ይተከላል።

ሁሉንም ግን አላዩም። የልብ ሐኪሟ ሔለን ታውሲግ ሰማያዊ ለሚሆኑ ሕፃናት ተመሳሳይ መተላለፊያ ሊሠራላቸው ይችላል ብላ ስትጠይቃቸው ፍላጎት አላሳዩም። ያ ሥራ በ1944 በባልቲሞር በአልፍሬድ ብላሎክና በቪቪየን ቶማስ ተሠራ።

በ1947 የሕፃናት ሆስፒታሉ ዋና ቀዶ ሐኪም ሆኑ። የያዙት የሃርቫርድ ፕሮፌሰርነት የሚጠራው በማን ስም መሰላችሁ? በዊልያም ላድ። በ1953 ያሳተሙት የሕፃናት ቀዶ ሕክምና መጽሐፍ ለብዙ ዓመታት የሙያው መማሪያ ነበር። የላስከር ሽልማትን ሁለት ጊዜ ተቀብለው በ1988 አረፉ።

አለቃን ሸሽቶ ቀዶ ጥገና ማድረግን አላደንቅም። ልጅቷ ብትሞት ኖሮ ዛሬ ይህን ታሪክ በሌላ ስም እንጠራው ነበር። የማደንቀው ሌላ ነገር ነው፦ ሌላው የተፈጥሮ ቀልድ ብሎ ያለፈውን እሳቸው የአንድ ሕፃን ችግር አድርገው ማየታቸውን።

በእኛ ቤት ልጅ አልበላም ሲል ጉርሻው ይጨመርበታል፣ ቅምጥል ነው ይባላል። አብዛኛውን ጊዜም እውነት ነው። ነገር ግን ሕፃኑ በጠባ ቁጥር የሚታነቅ፣ ጠጣር ምግብ ሲጀምር የሚብስበት፣ ሲተነፍስ የሚያፍን ከሆነ፣ ባሪየም አጠጥቶ ራጅ ማንሳት የምግብ ቧንቧው ከኋላው መጫኑን ሊያሳይ ይችላል። ያንን ራጅ የሚያዝዘው ሐኪም ነው። ሕፃኑ ሲጠባ አጠገቡ የምትቀመጠው ግን እናቱ ናት፤ ከእሷ ቀጥሎ ነርሷ። እኔ ልሆን የምማረውም ያችን ነርስ ነው። እናት ልጄ አልውጥ አለው ስትል፣ መጀመሪያ ማመን ሥራችን ነው።