ናትናኤል ዋርድና የመስታወቱ ሣጥን

ኤሊ ወይም እስስት በመስታወት ሣጥን ውስጥ ከዕፀዋት ጋራ የሚያኖር ሰው ሁሉ፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ የአንድ የሎንዶን ሐኪም ውለታ አለበት። የዚህም ሐኪም ስም ናትናኤል ባግሾ ዋርድ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዋርድ በ1791 ዓ.ም. በሎንዶን ተወለደ። አባቱም ሐኪም ነበር። ልጁ 13 ዓመት ሲሆነው በመርከብ ወደ ጃማይካ ተጉዞ የሞቃቱን አገር ዕፀዋት በዓይኑ አየ፤ ፍቅራቸውም እስከ ዕድሜው ፍጻሜ አልለቀቀውም። ሆኖም የአባቱን ሙያ ተከትሎ በምሥራቅ ሎንዶን በሽተኞችን ሲያክም ኖረ። ጊዜ ባገኘ ቁጥር ፈርን የተባለውን አበባ የማያወጣ ተክል በጓሮው ለማሳደግ ይደክም ነበር። ድካሙ ግን ከንቱ ሆነ፤ የድንጋይ ከሰሉ ጢስ ተክሎቹን አንድ በአንድ ገደላቸው።

በ1829 ዓ.ም. ዋርድ የሚመራመረው ስለ ሌላ ነገር ነበር። አባጨጓሬ ተለውጦ የእሳት ራት ሲሆን ለማየት ብሎ፣ የተኛበትን ሽፋን ከእርጥብ አፈር ጋራ በአፈ ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ አኑሮ ከደነው። ቀን ሙቀቱ ሲበረታ ከአፈሩ የሚነሣው እርጥበት በጠርሙሱ ላይ ጤዛ ሆኖ ይይዛል፤ ሲቀዘቅዝም ተመልሶ ወደ አፈሩ ይወርዳል። ውሃው አይጎድልም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንዲት ትንሽ ፈርንና የሣር ቡቃያ ብቅ አሉ። በጓሮው እምቢ ያለው ተክል፣ ማንም ሳይተክለውና ሳያጠጣው፣ በጠርሙስ ውስጥ በቀለ! ተክሎቹ አራት ዓመት ያህል ኖሩ፤ የሞቱትም እርሱ በሌለበት ክዳኑ ዝጎ ዝናብ ስለ ገባባቸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያሻል። ውሃ በሚተንበት ጊዜ ጨውና ቆሻሻ አብረውት አይነሡም፤ ስለዚህ በመስታወቱ ላይ የሚታየው ጤዛ ንጹሕ ነው፤ ቆሻሻው ከታች ይቀራል። ተክል ብቻ ባለበት ሣጥን ይህ ብዙ አያስቸግርም። እንስሳ ሲገባበት ግን ኩሱና የምግቡ ትራፊ ይበሰብሳል። በአፈሩ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ሕዋሳት ብስባሹን ለሥር የሚስማማ ምግብ ያደርጉታል፤ ተክሉም ይወስደዋል። ይሁን እንጂ ኤሊን የመሰለ እንስሳ ከተክሎቹ አቅም በላይ ስለሚያቆሽሽ የመጠጫውን ሳሕን በየቀኑ ማጠብ ግድ ነው። ሮበርት ዋሪንግተን የተባለ ኬሚስት በ1850 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ ተመሳሳይ ነገር ገለጠ። ሁለት ወርቃማ ዓሦችና የውሃ ተክል ባኖረበት ዕቃ ውስጥ የሚበሰብሰው ቅጠል ውሃውን አደፈረሰበት፤ ቀንድ አውጣዎች ቢጨምርበት ብስባሹን በልተው ውሃው ጠራ።

ወደ ዋርድ እንመለስ። በዚያ ዘመን ከሩቅ አገር በመርከብ የሚመጡ ዕፀዋት አብዛኞቹ በመንገድ ይሞቱ ነበር። የባሕሩ ጨው ያቃጥላቸዋል፤ መርከበኞቹም ራሳቸው ከሚጠጡት ውሃ ላይ ለተክል መስጠት ይከብዳቸዋል። በ1833 ዓ.ም. ዋርድ በሁለት የመስታወት ሣጥኖች ፈርንና ሣር ሞልቶ ወደ ሲድኒ ላከ፤ በደኅና ደረሱ። ሣጥኖቹ የአውስትራልያ ዕፀዋት ተተክሎባቸው በ1834 ዓ.ም. ተመለሱ። ጉዞው ስምንት ወር ያህል ፈጀ፤ በኬፕ ሆርን በኩል በረዶ ወረደባቸው፤ በምድር ወገብ ደግሞ ብርቱ ሐሩር አገኛቸው። ሎንዶን ሲደርሱ ግን ለምለም ነበሩ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ብዙ ነው። ሮበርት ፎርቹን ከ1848 እስከ 1851 ዓ.ም. በቻይናዊ ልብስ ተሸሽጎ 20,000 ያህል የሻይ ችግኝ በዚህ ሣጥን ወደ ሕንድ አሻገረ። የወባ መድኃኒት የሆነው ኪኒን የሚወጣበት ዛፍም ከደቡብ አሜሪካ ወደ እስያ ተወሰደ። በ1876 ዓ.ም. ከብራዚል የመጣው የጎማ ዛፍ ዘር በእንግሊዝ አገር በቅሎ ችግኙ ወደ ሲሎን ተላከ፤ ኋላም የብራዚል የጎማ ንግድ ወደቀ። መጻሕፍት ይህን እንደ ድል ይቆጥሩታል፤ ባለቤቶቹን ማን ጠየቃቸው ብሎ የሚጽፍ ግን ጥቂት ነው። እኔ ኪኒኑን አመሰግናለሁ፤ ስለ ሻዩና ስለ ጎማው ግን ልቤ አይቀበለውም።

ዋርድ ራሱ ከዚህ ሀብት አልተካፈለም። ያወቀውን በ1842 ዓ.ም. በመጽሐፍ አሳትሞ ለሁሉ ገለጠ፤ የከተማ ድኾችም በቤታቸው ለምለም ነገር እንዲያዩ ይመኝ ነበር። በ1868 ዓ.ም. ዐረፈ። በሎንዶን አጠገብ ያለው የኪው የዕፀዋት ሥፍራ እስከ 1962 ዓ.ም. ድረስ በሣጥኑ ሲሠራ ቆየ፤ ከዚያ ወዲያ አውሮፕላንና የላስቲክ ከረጢት ተተኩበት።