ቱርጉድ ማርሻል፦ ለእኩልነት የቆሙ የሕግ ባለሙያ

እውቁ የመብት ጠበቃ ቱርጉድ ማርሻል እ.ኤ.አ. በ1908 በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ ተወለዱ። በከተማቸው የሚገኘው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ጥቁሮችን አይቀበልም ነበርና በባቡር ወደ ዋሽንግተን እየተመላለሱ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማሩ፤ መምህርት እናታቸውም ለክፍያው የጋብቻ ቀለበታቸውን አስይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ1933 ተመርቀው ብዙም ሳይቆዩ፣ ከመምህራቸው ከቻርልስ ሂዩስተን ጋር ያንኑ ትምህርት ቤት ተከራክረው አንድ ጥቁር ተማሪ እንዲቀበል አስፈረዱበት። በጠቅላይ ፍርድ ቤት ከተሟገቱባቸው 32 ጉዳዮች 29ኙን ረትተዋል፤ ከሁሉም የሚልቀው እ.ኤ.አ. በ1954 በሕዝብ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎችን በዘር መለየት ሕገ ወጥ መሆኑን ያረጋገጠው ውሳኔ ሲሆን፣ ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ ተስማምተውበታል።

ብዙ የማይነገርላቸው ግን ለኬንያ የሠሩት ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ለንደን ላይ በተካሄደው የኬንያ ሕገ መንግሥት ጉባኤ የአፍሪካውያኑ ልዑካን አማካሪ ሆነው የመብቶች ድንጋጌ አረቀቁ፤ በአገራቸው ለጥቁሮች ሲጠይቁ የኖሩትን የሕግ ጥበቃ፣ በኬንያ አናሳ ለነበሩት ነጮችና እስያውያንም አልነፈጉም።

እ.ኤ.አ. በ1967 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ ሆነው ተሾሙ። እስከ 1991 አገልግለው በ1993 በ84 ዓመታቸው አረፉ። የሜሪላንድ ሕግ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ዛሬ በስማቸው ይጠራል።