የቅጠሉን ሻጋታ የተከታተለው ሐኪም፦ አንቶን ደ ባሪ

ኔቬ ዮሴፍ በረንዳዋ ላይ በሶብላ የተከለች እናት ቅጠሉ ቢጫ ሲልባት ውሃ ወይም ማዳበሪያ አንሶት ይሆናል ብላ ነው የምታስበው። ቅጠሉን ገልብጣ ብታየው ግን በታች በኩል ግራጫ አቧራ የመሰለ ነገር ታገኝ ይሆናል። ይህ የበሶብላ ሻጋታ እስራኤል ውስጥ የታየው በቅርቡ፣ በ2011 ገደማ ነው (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። እንዲህ ያለው አቧራ ሕይወት እንዳለውና ተክሉን የሚያሳምመው እሱ ራሱ እንደሆነ በማያሻማ መንገድ ያሳየው ሰው ግን ከሞተ ከ130 ዓመት በላይ ሆኖታል።

አንቶን ደ ባሪ በ1831 ጀርመን አገር ፍራንክፈርት ከተማ ተወለደ። አባቱ ሐኪም ነበር፤ ልጁም ሕክምና ተማረና በ1853 በርሊን ተመረቀ። ልቡ ግን ተክል ላይ ነበር። በዚያው ዓመት፣ ገና በ22 ዓመቱ፣ እህል ላይ ስለሚወጣ ዋግና አረማሞ መጽሐፍ አሳተመ። ያን ጊዜ ብዙ ምሁራን ሻጋታው የሚወጣው ተክሉ ከታመመ በኋላ፣ ከተበላሸው ፈሳሽ ነው ይሉ ነበር። ደ ባሪ ነገሩን ገለበጠው፦ መጀመሪያ የሚመጣው ሻጋታው ነው፣ በሽታው ከዚያ ይከተላል አለ። ፍራንክፈርት ጥቂት ጊዜ ሕክምና ሞከረና ትቶት ወደ ማስተማር ገባ።

ክርክሩ የቃላት ጨዋታ አልነበረም። ከ1845 ጀምሮ አየርላንድ ውስጥ ድንች በማሳው ላይ እየጠቆረ በስብሶ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረሃብና በበሽታ አልቋል። አንዱ ዝናቡ ነው ሲል ሌላው ብርዱ ነው ይላል። ሻጋታውን የጠረጠሩ ሰዎች ከደ ባሪም በፊት ነበሩ፤ ማስረጃው ግን አልነበራቸውም። ደ ባሪ በ1861 ከታመመ ድንች ላይ የሻጋታውን ዘር ወስዶ ጤነኛ ቅጠል ላይ ከውሃ ጠብታ ጋር አኖረ። ከዘሩ የወጡት ጥቃቅን ነገሮች በጠብታው ውስጥ ሲዋኙ፣ ከዚያም ቅጠሉን በስተው ሲገቡ በማይክሮስኮፕ ተመለከተ። ዘሩ የነካው ታመመ፣ ያልነካው ደህና ቆየ። አለቀ።

በ1865 ደግሞ የስንዴ ዋግ ባርቤሪ በሚባል እሾሃማ ቁጥቋጦ ላይ የዕድሜውን ከፊል እንደሚያሳልፍ አሳየ። ገበሬዎች ይህን ከጠረጠሩ ቆይተዋል፤ የሰማቸው ምሁር ግን ጥቂት ነበር። ናና ላይ የሚወጣው ዋግ ከዚህ ይለያል። ሁለተኛ ቤት አያስፈልገውም፣ ዕድሜውን ሁሉ ናናው ላይ ይጨርሳል። ለዚህ ነው የታመመው ናና ተነቅሎ መጣል ያለበት።

በ1872 ስትራስቡርግ ሄደ፤ እንደ አዲስ የተቋቋመው ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ሬክተርም ሆነ። ከሩሲያ፣ ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ሳይቀር ተማሪዎች መጡለት። በ1888 ጃንዋሪ ወር መንጋጋው ላይ በወጣ እጢ ታሞ እዚያው ሞተ። 57 ዓመት ሊሞላው አንድ ሳምንት ቀርቶት ነበር።

ከእሱ ሥራ አንድ ነገር ተቀይሯል። የድንቹም የበሶብላውም ጠላት ዛሬ ከእውነተኛ ፈንገስ አይቆጠሩም፤ ለአልጌ ይቀርባሉ። የሚወዱት ግን ያው እርጥብ ቅጠልን ነው። የበሶብላው ሻጋታ ዘሩን የሚያፈራው ሌሊት፣ በጨለማ ነው። የባር ኢላን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሌሊት መብራት ሲበራበት ዘር ማፍራት እንደሚያቅተው አሳይተዋል። በረንዳ ላይ ግን መብራት ማሳደር የግድ አይደለም፤ ጠዋት ጠዋት፣ ቅጠሉን ሳይነኩ አፈሩን ብቻ ማጠጣትም ይረዳል።