ፍራንክ ሆርንቢ፤ ባቡርን አሳንሶ በየቤቱ ያስገባ ሰው

ሜልበርን የምትኖሩ ወላጆች ቤልግሬቭ ድረስ ወጥታችሁ ፑፊንግ ቢሊ የሚባለውን የእንፋሎት ባቡር ለልጆቻችሁ ሳታሳዩ አልቀራችሁም። መስመሩ የተከፈተው በ1900 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። እንዲህ ያለውን ባቡር አሳንሰው የልጅ መጫወቻ ካደረጉት መካከል ስሙ ገናና የሆነው እንግሊዛዊው ፍራንክ ሆርንቢ ነው።

ሆርንቢ በ1863 ሊቨርፑል ከተማ ተወለደ። የምህንድስና ትምህርት አልነበረውም፤ በአንድ ሥጋ አስመጪ ነጋዴ ዘንድ ሒሳብ ያዥ ነበር። ከሥራ መልስ ለሁለት ወንዶች ልጆቹ ከስስ መዳብ ባለቀዳዳ ቁርጥራጮች እየቆረጠ፣ በብሎን የሚገጣጠም መጫወቻ ሠራላቸው። መብቱን ለማስመዝገብ ገንዘብ ስላጠረው ከአሠሪው 5 ፓውንድ ተበደረ፤ በ1901ም አስመዘገበ። ኋላ መካኖ ተብሎ ዓለም ያወቀው ይኸው ነው። በ1920 ደግሞ እንደ ሰዓት በቁልፍ እየተሞሉ የሚሄዱ ባቡሮችን አወጣ። ከ1925 ጀምሮ ኩባንያው የባቡሮቹን ዓይነትና ዋጋ የሚዘረዝር መጽሐፍ ያሳትም ጀመር።

ሆርንቢ በ1931 የፓርላማ አባል ሆኖ ተመረጠ፤ በ1936 ዐረፈ። የሊቨርፑሉ ፋብሪካም በ1979 ተዘጋ። ይሁን እንጂ ዛሬ ሰብሳቢዎች አንዲት አሮጌ ባቡር ሲያገኙ ዘመኗንና ትክክለኛ ቀለሟን የሚለዩት በነዚያ ዝርዝሮች ነው። ፋብሪካው ቢጠፋም መዝገቡ ቀርቷል።

የእኛስ? የጅቡቲው ባቡር አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። በእንፋሎቱ ዘመን ለገሃር የሠሩ አባቶቻችን ብዙዎቹ አልፈዋል። የአባት ወይም የአያት ፎቶግራፍ፣ የሥራ መታወቂያ፣ አሮጌ ቲኬት በእጃችሁ ካለ፣ የማን እንደሆነና ዘመኑን ከጀርባው ጻፉበት። ያልተጻፈ ነገር ከባለቤቱ ጋር ይቀበራልና።